ያውቁ ኖሯል? በዋሻ ጨለማ ውስጥ ስለሚኖሩ የማይታዩ ነዋሪዎች

በዋግ ኽምራ ከአምደወርቅ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ የሚጓዝ ሰው ገደልና ዋሻ ከዓይኑ አይጠፋም። እረኛ ከዝናብ ይጠለልባቸዋል፣ ባሕታዊ ይጸልይባቸዋል፣ ሽኮኮና የሌሊት ወፍ ይኖሩባቸዋል። ከሁሉም ቀድመው የገቡትና በቁጥር ከሁሉም የሚበልጡት ነዋሪዎች ግን በዓይን አይታዩም። እነዚህ ረቂቅ ተሕዋስያን በሽታ ያመጣሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ቅርስ ያፈርሳሉ፣ የሕይወትንም ወሰን ያሳያሉ። ሳይንቲስቶች ገመድና መብራት ይዘው ወደ ምድር ጥልቀት የሚወርዱት እነርሱን ፍለጋ ነው። የዛሬው ዓምዳችን ከዋግ ኽምራ ተነሥቶ እስከ ዳሎልና እስከ ሩቅ አገር ዋሻዎች ይዘልቃል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድንጋዩ ሥር

1. የዋግና የላስታ ደጋዎች በብዛት የተገነቡት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቶ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ነው። በ1997 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ከዚህ ግዙፍ ክምር አብዛኛው የወጣው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ነው። ይህ በምድር ዕድሜ ሲለካ እጅግ አጭር ጊዜ ነው።

2. የእሳተ ገሞራ ደጋ ጠንካራና ለስላሳ ንጣፍ እየተደራረበ የሚሠራው ነው። ለስላሳውን ውሃና ነፋስ ሲሸረሽሩት ጠንካራው ከላይ ጣራ ሆኖ ይቀራል። በደጋው የምናያቸው ብዙዎቹ ዋሻዎች ወደ ውስጥ ብዙ የማይዘልቁት በዚህ ምክንያት ነው። ለኪሎ ሜትሮች የሚረዝሙ ዋሻዎች የሚበዙት ውሃ ቀስ በቀስ በሚያሟሟው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው።

3. በአገራችን ረጅሙ የሚታወቅ ዋሻ በባሌ የሚገኘው ሶፍ ዑመር ነው። የዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን እየሰረሰረ ያወጣው ሲሆን መተላለፊያዎቹ ሁሉ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ።

4. ከመግቢያው የራቀ የዋሻ ክፍል በጋም ክረምትም ሙቀቱ እምብዛም አይለዋወጥም። ብዙውን ጊዜ በውጭ ካለው የዓመት አማካይ ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ፀሐይ፣ ነፋስና ውርጭ የማይደርሱበት በመሆኑ ለረቂቅ ተሕዋስያን የተረጋጋ ቤት ነው።

5. ብርሃን በሌለበት ተክል የለም፤ ተክል በሌለበት ደግሞ ምግብ ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ የዋሻ ተሕዋስያን ከውጭ በጎርፍ፣ በጠብታና በሌሊት ወፍ ኩስ የሚገባውን ትርፍራፊ ይመገባሉ። ሌሎቹ ግን ከራሱ ከድንጋዩ ይኖራሉ። በቤታችን እርሾ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ከዱቄቱ ኃይል አግኝተው ቡሖውን እንደሚያቦኩት ሁሉ፣ እነዚህም ከብረት፣ ከድኝና ከማንጋኒዝ ኃይል አግኝተው ዓለቱን ይለውጡታል።

6. በዓለም ካሉት ባክቴሪያዎችና አርኬያዎች 70 በመቶ ያህሉ ከምድርና ከባሕር ወለል በታች እንደሚኖሩ በ2018 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ግምት ያመለክታል። አርኬያ የሚባሉት በመልክ ባክቴሪያ ቢመስሉም በዘር ሐረጋቸው የተለዩ ናቸው። ራሳቸውን የቻሉ ወገን መሆናቸውን አሜሪካዊው ካርል ዎዝና የሥራ ባልደረባው ያሳወቁት በ1977 ነው።

7. በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ 2.8 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ያለ ፀሐይና ያለ ኦክስጅን የሚኖር ባክቴሪያ ተገኝቷል። ኃይል የሚያገኘው ከሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅኑን ደግሞ በዓለቱ ውስጥ ያለው ዩራኒየም የሚረጨው ጨረር ውሃን እየሰነጠቀ ያወጣለታል።

8. በ1986 በሩማንያ፣ በጥቁር ባሕር አቅራቢያ፣ ለኃይል ማመንጫ ግንባታ ቦታ ሲመረመር ሞቪሌ የተባለ ዋሻ ተገኘ። ከውጭው ዓለም ተለይቶ 5.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደቆየ ይገመታል። አየሩ በኦክስጅን ደሃ ነው። ተሕዋስያኑ በውሃው ውስጥ ካለው የድኝ ውሁድና ከሚቴን ጋዝ ምግብ ይሠራሉ፤ እነርሱን ትናንሽ እንስሳት ይበሏቸዋል፤ እነዚያን ደግሞ ሸረሪትና መሰሎቹ ያድኗቸዋል። ከእንስሳቱ መካከል ከ30 የሚበልጡት በሌላ ቦታ ታይተው አያውቁም። ፀሐይ ያልመገበው ሙሉ ማዕድ ነው።

ዳሎል፦ የሕይወት ወሰን በአገራችን

9. በኢትዮጵያ ምድር ረቂቅ ሕይወት ፍለጋ ከተደረጉት ጉዞዎች እጅግ ዝነኞቹ በአፋር ወደሚገኘው ዳሎል የተደረጉት ናቸው። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ከምድር የሚፈልቀው ውሃ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ጨው እስኪጠግብ ድረስ ጨዋማ ነው፤ አሲድነቱም ከመደበኛው መለኪያ ዜሮ በታች ይወርዳል።

10. በጥር 2017 የተጓዘ አንድ ቡድን ከተለመደው ባክቴሪያ እስከ 20 እጥፍ ያነሱ ረቂቅ ፍጥረታትን በዳሎል ማግኘቱን በ2019 አስታወቀ። ዜናው በዓለም ተሰማ።

11. በዚያው ዓመት በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የሚመራ ሌላ ቡድን የተለየ ውጤት ይዞ ቀረበ። በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ባደረጋቸው ጉዞዎች ናሙና ሲሰበስብ፣ ከጨው ገደሎቹ አጠገብ በዋሻ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ጭምር ቀድቷል። በጨዋማዎቹ ሐይቆችና በዋሻው ውሃ እጅግ ብዙ ዓይነት አርኬያ ተገኘ። አሲድና ጨው በአንድነት በበረቱባቸው፣ ወይም ማግኒዚየም በበዛባቸው ኩሬዎች ግን ሕያው ነገር አልተገኘም።

12. የዚህ ግኝት ትምህርት ትልቅ ነው። ውሃ ያለበት ሁሉ ሕይወት አለበት የሚለው ልማዳዊ ግምት በዳሎል አልሠራም። የጠፈር ተመራማሪዎች በማርስ ወይም በሌላ ዓለም የውሃ ምልክት ሲያዩ ቸኩለው «ሕይወት አለ» እንዳይሉ የሚያስጠነቅቃቸው የእኛው አፋር ነው።

13. ሁለተኛው ቡድን ከአንዳንዶቹ ኩሬዎች ጥቂት ዘረመል አግኝቶ ነበር። ሲመረመር ግን አብዛኛው ከሰውና ከቤተ ሙከራ መሣሪያ የመጣ ብክለት ሆኖ ተገኘ። በረቂቅ ሕይወት ጥናት ከማግኘት በላይ የሚከብደው ያገኙት ነገር ከራስ እጅ አለመምጣቱን ማረጋገጥ ነው።

14. በዳሎል አካባቢ ያሉትን የመሰሉ ጨው የሚወድዱ አርኬያዎች በጨው ፍሬ ውስጥ በምትታሰር ጥቂት ውሃ ታቅፈው ለረጅም ጊዜ በሕይወት መቆየት ይችላሉ። የአፋር አሞሌ ጨው በግመልና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ ሰቆጣ ከታወቁት ገበያዎቹ አንዷ ነበረች። የዋግ ነጋዴዎች ከጨዉ ጋር የማይታዩ ተሳፋሪዎችንም ይዘው ሳይጓዙ አልቀሩም።

ዋሻና ቅርስ

15. ከሰቆጣ ብዙም በማይርቀው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሳይፈርስ የቆየ አስከሬን ይገኛል። የዋግ ሹሞች አስከሬን እንደሆነ በአካባቢው ይነገራል። በላስታ ዋሻ ውስጥ በታነጸው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባም ሊሳለሙ መጥተው በዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው የሚባሉ ብዙ አስከሬኖች አሉ።

16. ሥጋን የሚያፈርሱት በዋነኛነት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ባክቴሪያ ደግሞ ያለ ውሃ አይሠራም። ዝናብ በማይደርስበት ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስከሬን ቶሎ ከደረቀ አፍራሾቹ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ይቆማሉ። በአንጻሩ የብዙ ሰው እስትንፋስ የሚያመጣው ርጥበት፣ የእጅ ንክኪና የጣራ ፍሳሽ የቆሙትን ተሕዋስያን መልሶ ሊያስነሣቸው ይችላል። እነዚህን ቅዱሳን ስፍራዎች ስንጎበኝ አለመንካት የአክብሮትም የሳይንስም ግዴታ ነው።

17. የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው፤ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1978 ነው። የተፈለፈሉበት ቀዳዳ የሚበዛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውሃ ስለሚመጥ ለአልጌ፣ ለባክቴሪያና ሊከን ለሚባለው የሻጋታና የአልጌ ጥምር ኑሮ ይመቻል። በ2013 የታተመ ጥናት እነዚህ ፍጥረታት ድንጋዩን በማሳሳት ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። ሥራቸው ሁለት ዓይነት ነው፦ አሲድ እያመነጩ ማዕድኑን ያሟሙታል፣ በቀዳዳው ገብተው እያበጡና እየተጨማደዱ ደግሞ ይሰነጥቁታል።

18. ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹን ከዝናብ ለመከላከል በ2008 ግዙፍ መጠለያዎች ተተክለዋል። ዝናብ ሲቀር የተሕዋስያኑ ኑሮም ይለወጣል። ከልክ ያለፈ ድርቀት ደግሞ በበኩሉ ድንጋዩን ሊጎዳ ስለሚችል ጥበቃው የማያቋርጥ ክትትል ይፈልጋል።

19. በፈረንሳይ የላስኮ ዋሻ 17,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው የእንስሳት ሥዕሎች አሉት። በ1940 ተገኘ፤ በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ። በቀን ከ1,000 በላይ ጎብኚ ሲጎርፍበት እስትንፋሱና መብራቱ አረንጓዴ አልጌ አበቀሉበት፤ በ1963 ተዘጋ። በ2001 ነጭ ሻጋታ ወረረው፤ ቀጥሎ ጥቁር ነጠብጣብ ታየበት። ለሺህ ዓመታት ሳይነካ የኖረውን 15 ዓመት ጉብኝት ለዘላለም ለወጠው።

20. ዋሻ መዝገብም ነው። በ2012 በጋሞ ደጋማ ስፍራ በሞታ ዋሻ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ሰው አፅም ተቆፍሮ ወጣ። በ2015 ይፋ የሆነው ሙሉ የዘረመል መረጃው ከጥንታዊ አፍሪካዊ አፅም የተነበበ የመጀመሪያው ነው። በሞቃት አገር ባክቴሪያና ሙቀት ዘረመልን ቶሎ ያጠፉታል፤ የሞታን አፅም ካተረፉት ምክንያቶች አንዱ የዋሻው ቀዝቃዛነት ነበር። ወደ ዋሻው መንገዱን ለተመራማሪዎቹ ያሳዩት የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው።

21. በምዕራብ ሐረርጌ በመቻራ አካባቢ ባሉ ዋሻዎች ውስጥ ጠብታ እየረጋ የሚያድግ የኖራ ዓምድ በየዓመቱ ንጣፍ ያስቀምጣል። ፕሮፌሰር አስፋወሰን አሥራት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ከ2007 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች ከእነዚህ ንጣፎች ያለፉ ዘመናትን የዝናብ ሁኔታ አንብበዋል። ዝናብ በሚያጥርበት በዋግ ላለ አንባቢ የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ዋጋ ግልጽ ነው።

ዋሻና ጤና

22. የወሎን ገደላማ አካባቢ የሚያውቅ ሰው ቁንጭርን ያውቃል፤ ፊት ላይ ወጥቶ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን የሚቆይ የቆዳ ቁስል ነው። አምጪው አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከአገራችን ነው፦ ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ። ስያሜው የወጣው በ1973 ነው።

23. በዚያን ጊዜ ተመራማሪዎች ከደሴ አቅራቢያ በኩታበር ገደልና ዋሻ እየገቡ የበሽታውን ሰንሰለት ፈለጉ። ተሕዋሱን የሚሸከመው ሽኮኮ ሆኖ ተገኘ። ቀን በዋሻና በድንጋይ ስንጥቅ ተደብቃ ሌሊት የምትወጣ ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮው ወደ ሰው ታሻግረዋለች። መንደሩ ከገደሉ በቀረበ መጠን አደጋው ይጨምራል።

24. በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው በቁንጭር እንደሚያዝ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2012 ባወጡት ግምት ገልጸዋል። በሽታው አይገድልም፤ ግን ጠባሳ ይተዋል፣ ሰውንም ከሰው ያሸሻል። ሕክምና አለው። በወሎ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሕክምናውን ከሚሰጡት አንዱ ነው። ለጠበል የሚሄድ ሰው ሐኪምም ቢያይ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

25. በኬንያ በኤልጎን ተራራ የሚገኘውን ኪቱም ዋሻ የጎበኙ ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው በ1980 ሌላኛው በ1987፣ በማርበርግ ቫይረስ ታመው ሞተዋል። ቫይረሱን በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ የሚኖር አንድ የፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ዝርያ ይሸከመዋል፤ ይህ በዩጋንዳ በተደረጉ ጥናቶች በ2009 ተረጋግጧል።

26. በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር ማርበርግ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ መከሰቱ ተረጋገጠ። በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

27. ይህ የሌሊት ወፍን ለመግደል ምክንያት አይሆንም። አብዛኞቹ ዝርያዎች በአንድ ሌሊት እጅግ ብዙ ነፍሳት ይለቅማሉ፤ ሌሎቹ የዱር ዛፍ ዘር ይበትናሉ፣ አበባ ያዳቅላሉ። መንጋውን ማባረርና በጭስ ማወክ ደግሞ እንስሳቱን ወደ ሌላ ቦታ ስለሚበትን ጉዳቱን ያሰፋዋል። ጥበቡ ርቀትን መጠበቅ ነው።

28. የሌሊት ወፍና የአእዋፍ ኩስ በተከመረበት ዋሻ ውስጥ አቧራ የሚያስነሣ ሰው ሂስቶፕላዝማ የተባለ ሻጋታ ሊተነፍስ ይችላል። ሻጋታው ሳንባ ይይዛል፤ ምልክቱም የሳንባ ነቀርሳ ሊመስል ይችላል። ከዋሻ ተመልሶ ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው ዋሻ መግባቱን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

29. ተሕዋስያንን እኛም ወደ ዋሻ እናስገባለን። በ2006 በኒውዮርክ ግዛት በአንድ ዋሻ የታየ ነጭ ሻጋታ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛምቶ በሰሜን አሜሪካ ሚሊዮኖች የሌሊት ወፎችን ፈጅቷል። ሻጋታው በሰው ጫማና ገመድ ሊዛመት ስለሚችል ዋሻ ገቢዎች ዕቃቸውን በሙቅ ውሃና በፀረ ተሕዋስያን ያጥባሉ።

ከጨለማ የሚወጣ መድኃኒት

30. መሬት በዝናብ ሲርስ የሚሸተን ደስ የሚል ጠረን በአብዛኛው የሚመጣው አክቲኖማይሴት ከሚባሉ ባክቴሪያዎች ነው። በአንዳንድ ዋሻ ግድግዳ ላይ በመብራት የወርቅና የብር ቀለም የሚያንጸባርቁትም እነዚሁ ናቸው። የሳንባ ነቀርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ስትሬፕቶማይሲን በ1943 የተገኘው ከዚሁ ወገን ነው።

31. በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የሚገኘው ሌቹጊያ ዋሻ ውስጡ የታወቀው በ1986 ነው። ከዋሻው ጥልቅ ክፍል፣ ለ4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከላይኛው ምድር ከተለየ ስፍራ፣ ተመራማሪዎች 93 የባክቴሪያ ዝርያዎች አወጡ። ሰው ሠራሽ መድኃኒት አይተው የማያውቁ ሲሆኑ አንዳንዶቹ እስከ 14 ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መቋቋም ቻሉ። ውጤቱ በ2012 ታተመ።

32. ከእነዚያ መካከል አንዱ በ2016 በጥልቀት ሲመረመር ሐኪሞች የማያውቋቸው አምስት አዲስ የመከላከያ ዘዴዎች ተገኙበት። ባክቴሪያዎች እርስ በርስ በመድኃኒት መዋጋት የጀመሩት ሰው ከመፈጠሩ በፊት ነው። ዛሬ በየፋርማሲው ያለ ማዘዣ መድኃኒት ስንገዛና አጋማሽ ላይ ስናቋርጥ፣ ይህን ጥንታዊ ችሎታ በገዛ ገላችን ውስጥ እናጠነክረዋለን።

33. በሜክሲኮ በናይካ ማዕድን፣ 300 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ክሪስታሎች ያሉበት ዋሻ አለ። ሙቀቱ እስከ 58 ዲግሪ ይደርሳል። ተመራማሪዋ ፔነሎፒ ቦስተን ከክሪስታሎቹ ውስጥ ያወጧቸውን፣ ከ10,000 እስከ 50,000 ዓመት ታስረው የቆዩ ናቸው ያሏቸውን ተሕዋስያን እንዳነቁ በ2017 ተናግረዋል።

34. በ1960ዎቹ በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውሃ የተገኘ አንድ ባክቴሪያ፣ ሙቀት የማይበግረው ኢንዛይም ሰጠ። ዘረመልን በብዛት የሚያባዛው የፒሲአር ምርመራ በእርሱ ቆመ፤ ፈልሳፊው ኬሪ ሙሊስም በ1993 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። በኮቪድ ዘመን ከአፍንጫችን የተወሰደው ናሙና የተመረመረው በዚሁ ዘዴ ነው።

ጉዞው እንዴት ይካሄዳል?

35. ጥሩ የዋሻ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚያጠናው መውጫውን ነው። ካርታ ይነሣል፣ የአየሩ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል፣ ማንም ብቻውን አይገባም፣ እያንዳንዱ ሰው ከአንድ በላይ መብራት ይይዛል። ናሙና የሚወስደው ሰው ንጹሕ ጓንትና ጭምብል አድርጎ ከሌሎቹ ይቀድማል፤ ሰው ያልረገጠው ቦታ ሳይበከል መቀዳት አለበት።

36. ናሙናው እንዳይለወጥ በበረዶ ሳጥን ይጫናል። በቤተ ሙከራ ማሳደግ የሚቻለው ከተሕዋስያኑ ጥቂቶቹን ብቻ በመሆኑ ተመራማሪዎች ከአፈሩና ከውሃው በቀጥታ ዘረመል አውጥተው ያነብባሉ። ማን እንዳለ በዚህ ይታወቃል፤ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ገና ብዙ ሥራ ይቀራል።

37. የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ በ2011 ጠፈርተኞችን በጣሊያን ሰርዴኛ ዋሻዎች ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል። ካርታ ያነሣሉ፣ የተሕዋስያን ናሙና ይሰበስባሉ፣ ቀንና ሌሊት በማይለይበት ጨለማ አብረው መኖርን ይማራሉ። ማርስም ዋሻዎች አሏት፤ ከጨረር የተጠለለ ሕይወት ኖሮ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው በእነርሱ ውስጥ ነው።

የማን ነው?

38. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኬንያ የጨው ሐይቆች የተወሰዱ ተሕዋስያን ለጂንስ ጨርቅ ማደብዘዣ የሚሆን ኢንዛይም ሰጡ። የኬንያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ተቋም ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነው ብሎ በ2004 የጥቅም ድርሻ ጠየቀ። በዓይን የማይታይ ፍጥረትም የአገር ሀብት መሆኑን ጎረቤታችን በችግር ተማረች።

39. እኛም በጤፍ ተምረናል። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ቀጥሎ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በአውሮፓ የባለቤትነት መብት ተሰጠበት። በኔዘርላንድ መብቱ በፍርድ ቤት የተሻረው በ2018 ነው።

40. ስለ ብዝኀ ሕይወት ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የብዝኀ ሕይወት ሀብቱ ባለቤት መንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ መሆናቸውን ይደነግጋል። ናሙና ወስዶ ለምርምር ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የአካባቢው ማኅበረሰብም ከሚገኘው ጥቅም የመካፈል መብት አለው።

እንግዲህ ለአንባቢዎቻችን፣ በተለይም ለዋግ ኽምራ ልጆች፣ ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ በአቅራቢያችሁ ያለውን ዋሻ አታውኩት። እሳት አታንድዱበት፣ ግድግዳውን አትፈቅፍቁት፣ የሌሊት ወፎቹን አታሳድዱ፤ ኩስ በተከመረበትም አትቀመጡ። ሁለተኛ፣ ናሙና ፍለጋ የሚመጣ እንግዳ ሲያጋጥማችሁ በአክብሮት ተቀበሉት፣ ፈቃዱንም ጠይቁ፤ ሽማግሌውና ካህኑ ሳያውቁ የሚጀመር ጥናት መልካም ጥናት አይደለም። ሦስተኛው ለዩኒቨርሲቲዎቻችንና ለምርምር ማዕከሎቻችን ነው። ዳሎልን ዓለም ያወቀው የውጭ አገር ቡድኖች ተመላልሰው ስለመጡ ነው። የአምደወርቅና የሰቆጣ ገደሎች የያዙትን ረቂቅ ሕይወት መጀመሪያ መመዝገብ ያለባቸው ግን እዚያው የተወለዱ፣ ኽምጣኛም አማርኛም የሚናገሩ ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። ሥልጠናውን፣ ቤተ ሙከራውንና የጉዞ ወጪውን ስጧቸው።